«ኪቦርድ ነው ሙዚቃችንን የገደለው» ለምትሉ ሁሉ

ሰሞኑን አንድ ነገር በየገጹ እየዞረ ነው። የድሮ ባንድ ፎቶ ይለጠፋል፤ ትራምፔት የያዙ፣ ሳክስፎን የያዙ፣ ሱፍ በከረባት የለበሱ ሰዎች። ከሥሩ «ይሄን ሁሉ ያጠፋው ኪቦርድ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ላይኩ ይጎርፋል። የኛም ልጆች ከአሶሳ፣ ከባምባሲ፣ ከማንዱራ ሆነው «እውነት ነው፤ የኛንም ዋዛ የበላው እሱ ነው» እያሉ ያጸድቃሉ። ከነሱ መሃል እኔ ያስተማርኳቸውም አሉ። አይቻችኋለሁ!

እኔ እንደምታውቁት አሮጌ ኪቦርድ የምሰበስብ ሰው ነኝ። የተጣለ ካሲዮ፣ ቁልፉ የወላለቀ ያማሃ፣ ባትሪው ውስጡ ፈሶ የዛገ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ገጥሜ ለማስነሳት እሞክራለሁ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዕቃዎቹ በዚያ ስለሚታወቁ።

የምለው ባጭሩ ይሄ ነው። ኪቦርድ ሙዚቃችንን አልገደለም። ሙዚቃችን ማደሪያ ባጣበት ዘመን ያሳደረው እሱ ነው። አሁን እየሞተ ያለው ኪቦርዱ ራሱ ነው፤ ያውም በሆዱ የያዘውን ይዞ። ገዳዮቹ ደግሞ እኛ ነን።

መጀመሪያ ስለየትኛው ኪቦርድ እንደማወራ እንግባባ። ስቱዲዮ ውስጥ ስላለው ውድ ሲንተሳይዘር አይደለም። ስለ ቤት ኪቦርድ ነው፤ ብዙዎቻችን «ኦርጋን» ወይም በደፈናው «ካሲዮ» እያልን ስላደግንበት። የራሱ ስፒከር ያለው፣ መብራት ሲጠፋ በትልልቅ ድንጋይ የሚሠራ፣ ከላዩ ዲስኮ፣ ሮክ፣ ዋልትዝ፣ ቦሳኖቫ የሚሉ የምት ቁልፎች የተደረደሩበት ዕቃ። ካሲዮ የመጀመሪያውን ካሲዮቶን ያወጣው በ1980 ነው። ያማሃም ፒኤስኤስ የሚባሉትን ትንንሾቹንና ፒኤስአር የሚባሉትን ተለቅ ያሉትን አከታተለ። እኛ ዘንድ እነዚህ ነገሮች በዲያስፖራ ሻንጣ፣ በሱዳን በኩል፣ በቤተ ክርስቲያን እርዳታ፣ በመርካቶ ነጋዴ እየመጡ ሠርግ ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የባህል ቡድን ውስጥ ገቡ። የአንድ ትውልድ ሙዚቃ በነሱ ላይ ተሠራ።

አሁን ወደ ክሱ እንሂድ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። ትልልቆቹን ባንዶች የበተናቸው ማነው? በ1974 አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ለዓመታትም ቆየ። አሥር ሰው ያለበት ባንድ የሚበላው ከሌሊት ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ስትቀማው እንጀራውን ቀማኸው ማለት ነው። ሙዚቀኛው ተሰደደ። ዋልያስ ባንድ በ1981 ለትርኢት አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ የተወሰኑት በዚያው ቀሩ። የዘመኑ ዋና ኪቦርድ የሚባለው ያማሃ ዲኤክስ 7 የወጣው ግን በ1983 ነው። እስቲ ቀኑን አስተያዩት። ለቀብር የደረሰ ሰው ነው እንዴ ነፍሰ ገዳይ የሚባለው? በዚያ ዘመን ጸንተው የቆሙት እነ ሮሃ ባንድም ቢሆኑ ኪቦርድን ጓደኛ አድርገው ነው የሠሩት እንጂ ጠላት አድርገው አይደለም።

አሜሪካ ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ዲኤክስ 7ቱን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና የምት ማሽኑን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ካሴት ብቻውን ሠራ። ባንድ የለም፤ አንድ ሰውና ማሽኖቹ ብቻ። ያ ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዞረ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን ግን አልጣለም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከታክሲው ዕቃ መጫኛ እያወጣ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። እንግዲህ ይሄ ነው «ሙዚቃ ገዳይ» የምትሉት ዕቃ። ሰውየውን እኮ በሕይወት ያቆየው እሱ ነው!

አድማስ ባንድም አለ። እነ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ በ1984 እዚያው ዋሽንግተን በሲንተሳይዘርና በምት ማሽን የሠሩት «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2020 እንደገና ታተመ። ያኔ በጥቂት ሰው እጅ የነበረ ሥራ ዛሬ የውጭ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። እኛ ኪቦርዱን ስንረግም ፈረንጁ በኪቦርድ የተሠራውን ሙዚቃችንን እየገዛ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ያውም ይሄን ተረት ለወርቅ አገር ሰው መንገር ያሳፍራል።

«ወርቃማው ዘመን» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣም አልረሳሁም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የሲዲ ስብስብ ትልቅ ውለታ ውሎልናል፤ ይሄን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ መጥፎ ልማድ አብሮ ጥሎብን አለፈ። ሙዚቃችን በአብዮቱ ቀን የሞተ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጩኸት ብቻ የሆነ ይመስለናል። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከዚያ ወዲህ የተዳሩት እናቶቻችሁና እህቶቻችሁ በምን ተጨፈረላቸው? በጩኸት ነው?

ደግሞ ይሄ የባንድ ለቅሶ በመሠረቱ የአዲስ አበባ ለቅሶ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚህ ኪቦርድ መጥቶ የዘጋው የትኛው ባለ ትራምፔት ሆቴል ነው? ስሙን ንገሩኝ! የለም። እኛ ጋ ኪቦርድ የመጣው በባዶ ቦታ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሠርግ ቤት የሚሞላ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰው አቅም የተገኘው በሱ ነው።

የአሶሳን ሠርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከድርቁ በኋላ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ሰው አለ፤ ባቲንና አምባሰልን ይዞ ነው የመጣው። በርታው አለ፣ ጉሙዙ አለ፣ ሺናሻው አለ፣ ማኦና ኮሞው አለ፣ ኦሮሞው አለ። ከኩርሙክ ማዶ የሚመጣው የሱዳን ዘፈን አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በአንድ ሌሊት ለሁሉም መድረስ አለበት። ይደርሳልም። «ጥቁር ጥቁሩን ተጫወት» ብለን ጀማሪ የምናስተምረው በከንቱ አይደለም፤ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ተከታትለው ሲነኩ ያው የኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ናቸው፤ ትዝታ ሜጀር ይወጣባቸዋል። የሱዳኑም ዘፈን አብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ዘፋኙ «ከፍ አድርግልኝ» ሲል ተጫዋቹ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ጣቱን ሳይቀይር ይቀጥላል። ይሄን የመሰለ አስታራቂ ዕቃ በየትኛው ስብሰባ አዳራሽ አይታችኋል?

አሁን ጠንካራውን ክስ ላንሳ፤ የዋዛን።

ዋዛ ስሙ እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። ለማታውቁት ወዳጆቼ፦ የበርታ ሕዝብ የቅል መለከት ነው። የቅል ቁርጥራጮች እርስ በርስ እየተገጣጠሙ ረጅም ቀንድ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። እያንዳንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሊሠራ አይችልም፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው እየተቀበለ፣ በየተራ እየገባ፣ ከብዙ ሰው ትንፋሽ አንድ ዜማ ይወጣል። ከዚህ በላይ የአብሮነት ትምህርት የትም የለም። ኪቦርድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ አንድ ሰው ተቀምጦ የሁሉንም ድርሻ ይጫወታል። ይሄን አልክድም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚያሳዝንም ነገር አለው።

ግን «ዋዛን የገደለው ኪቦርድ ነው» ማለት ሌላ ነገር ነው። የጋራ ጨዋታ የሚኖረው ሰው ሲሰበሰብ ነው። ለመሰብሰብ ጊዜ፣ ቦታና ሰላም ያስፈልጋል። በመተከልና በካማሺ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ? ያንን ጭፈራ የበተነው ያማሃ ነው እንዴ? ዋዛን በበዓል ቀን ብቻ አውጥቶ፣ ዩኒፎርም አልብሶ፣ ለአምስት ደቂቃ ካሜራ ፊት አስነፍቶ፣ አበል ሰጥቶ የሚመልሰውስ ኪቦርድ ነው? ዳውላውን መምታት ይቀላል፤ አህያዋ ማን እንደሆነች ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የቅኝቱ ነገር ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ቦታ ቆርጦ ነው የሚመጣው። የዋዛ ቅል በዚህ ልክ አልተቆረጠም። የክራር ሰውም ቢሆን አንቺሆዬን በፒያኖ ቁልፍ ላይ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ስለዚህ ዋዛን በኪቦርድ «ብራስ» ድምፅ ብትመስለው ውሸት ነው። እስማማለሁ። ግን መልሱም እዚያው ዕቃ ውስጥ ነበር! ካሲዮ ኤስኬ 1 የሚባለው 32 ትንንሽ ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣ ነው። ማይክሮፎን አለው። አንድ ሰከንድ ከምናምን ድምፅ ይቀዳል፤ የቀዳኸውን በቁልፎቹ ላይ ትጫወተዋለህ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን የቀዳኸውን ዋዛ ከነራሱ ልክ ነው የሚመልስልህ። በኋላ ከወጡት ፒኤስአሮች አንዳንዶቹ ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ። መሣሪያው ነበር። ያልነበረው «የኛን ድምፅ እናስገባበት» ያለ ሰው ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማነው?

«ማሽን ውስጥ የራስ ድምፅ ማስገባት የት ታይቶ ያውቃል?» የሚል ካለ ወደ ጎረቤት ይመልከት። ጃንትራ የሚባል ሱዳናዊ ኪቦርድ ተጫዋች አለ። ከኛው ድንበር አጠገብ ከአልፋሽጋ አካባቢ የወጣ፣ የሠርግና የመንደር ጭፈራ ሰው ነው። ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ያማሃን ፈትተው በሱዳን ምትና ድምፅ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጃንትራም የሚጫወተው እንዲህ በተስተካከለ ኪቦርድ ነው። በ2023 ኦስቲናቶ የተባለ አሳታሚ ሥራውን በሸክላ አወጣለት፤ አውሮፓና አሜሪካ ተደነሰበት። የሱ ኪቦርድና የኛ ሠርግ ቤት ኪቦርድ አንድ ዘር ናቸው። ልዩነቱ፣ እነሱ ዕቃውን ደፍረው ከፈቱት፤ እኛ ሰደብነው።

ያ ዓመት ደግሞ ኦምዱርማን የጦር ሜዳ የሆነችበት ነው። ብዙ ሱዳናዊ በኩርሙክ በኩል ወደኛ ክልል ገባ። ዕውቀት ከሰው ጋር ይሰደዳል። መጠለያ ውስጥ የሚሠሩ ወዳጆቼ፣ ከስንዴና ከሸራ ድንኳን ቆጠራ መሃል አንድ ጊዜ ጠይቁልኝ፤ ኪቦርድ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ካለ አገናኙኝ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

«ቲቸር ደግሞ፣ ይሄ እኮ የልጆች መጫወቻ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። እሺ፣ መጫወቻ ይሁን። በ1981 ካሲዮ ኤምቲ 40 የሚባል ርካሽ ኪቦርድ አወጣ። ውስጡ ያለውን «ሮክ» የሚል ምት ያዘጋጀችው ኦኩዳ ሂሮኮ የምትባል አዲስ የተቀጠረች ወጣት ጃፓናዊት ናት። በ1985 ጃማይካ ውስጥ ዌይን ስሚዝና ፕሮዲዩሰሩ ኪንግ ጃሚ ያንን ምት ቀጥ አድርገው ወስደው «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» ሠሩበት። የሬጌ ታሪክ አቅጣጫውን ቀየረ፤ በዚያ ምት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠርተዋል። አንድ የመጫወቻ ቁልፍ ነው ይሄን ያደረገው። ያ ዕቃ ዛሬ በክብር የሚቀመጥ ቅርስ ነው። የኛው ደግሞ ቁራሌው ጆንያ ውስጥ።

የድምፁም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። ዲኤክስ 7 ያኔ ወደ 2,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። የሚሠራበት ዘዴ ኤፍኤም ይባላል፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ያገኘው፣ ያማሃ የገዛው። አንዱ ሞገድ ሌላውን እያንቀጠቀጠ አዲስ ድምፅ ይወልዳል። ዲኤክስ 7 ለዚህ ስድስት ሞገድ ፈጣሪ አለው። ትንንሾቹ ፒኤስኤሶች ብዙዎቹ ያንኑ ዘዴ በሁለት ብቻ ይሠሩታል። ስለዚህ ልጅ ሆናችሁ የደበደባችኋት ያቺ ትንሽ ያማሃ የዲኤክስ 7 የድኻ እህት ናት። ድምፁን ስልክ ላይ ባለ አፕ እተካዋለሁ የምትሉ፣ ሞክሩት። ስልኩ ጣትህ ከነካ በኋላ ለአፍታ አስቦ ነው የሚጮኸው፤ ሠርግ ቤት ደግሞ ማንም አይጠብቅህም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልግባ።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች» ብሎ ከተሰበረ ወንበርና ካረጀ ጎማ ጋር ሦስት ኪቦርዶች በጨረታ አስወገደ። እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው። ስሮጥ ሄጄ ከቁራሌው እጅ አንዱን አገኘሁ፤ ፍሎፒ ዲስክ የሚበላ ፒኤስአር። ሁለቱ ተፈልፍለው ሽቦና ሰሌዳቸው ተሽጧል። ያተረፍኩትን ስከፍተው «አገልግሎት የማይሰጠው» በሁለት ምክንያት ነበር፦ የተቃጠለ ፊውዝና የተነቃነቀ የአዳፕተር ሶኬት። በቃ! ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ፍሎፒው ማስገቢያ ውስጥ ግን ዲስክ ነበር። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «በርታ ሠርግ»፣ «ጉሙዝ ፈጣን»፣ «ወሎ»፣ «ሱዳን 2» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ተጫዋች፣ ስሙ እንኳ አልተጻፈም፣ ፋብሪካው የሰጠውን ምት ትቶ የዚህን አገር ምት በጣቱ እየመታ፣ ከበሮውን ከባሱ ጋር እያስማማ፣ ለዓመታት ያጠራቀመው ሥራ ነው። እነዚህ ምቶች በወረቀት አልተጻፉም፤ በካሴትም አልወጡም። ያሉት እዚያ ዲስክ ላይ ነው። ከሁለቱ ኪቦርዶች ጋር አብሮ የሄደውን ማን ይመልሰዋል? የንብረት ማስወገጃ ቅጹ ላይ «ምት» የሚል ዓምድ የለም!

ለዚህ ነው «ዕቃ ነው፣ ይጣል» ስትሉኝ የሚያመኝ። ክራር ቢሰበር ክራር ሠሪ አለ። የዚያ ተጫዋች ዲስክ ከሻገተ ሠሪ የለውም።

እንዴት እንደሚሞቱም ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ሞት መከላከል የሚቻል ነውና።

አንደኛው ገዳይ አዳፕተር ነው። የድሮ ካሲዮዎች በብዛት የሚፈልጉት ከውጭ ፕላስ፣ ከመሃል ማይነስ የሆነ፣ 7.5 ወይም 9 ቮልት ነው። የያማሃዎቹ ፒኤስአሮች ደግሞ በብዛት 12 ቮልት ሆኖ ከመሃል ፕላስ ነው። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የአንዱን ለአንዱ የሚሰካ ሰው ገዳይ ነው። ጀርባው ላይ ትንሿ ሥዕል አለች፤ አንብቧት። ከአሜሪካ የመጣ 110 ቮልት ዕቃም 220ው ላይ በቀጥታ ሲሰካ ምን እንደሚሆን ሽታው ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ውስጡ የተረሳ ድንጋይ ነው። ፈሶ ስፕሪንጉን ይበላል፣ ከዚያ ሰሌዳውን ይበላል። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዛሬውኑ አውጡት። ሦስተኛው የመብራታችን ነገር ነው። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ቆሞ፣ እዚህ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ምት ግን ስንቱን አዳፕተር እንደጨረሰ እናውቃለን። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ መብራት እንደሄደ ስፒናውን ንቀሉ።

አራተኛው አቧራና እርጥበት ነው። «ቁልፉ ሞቷል» የምትሉት አብዛኛው ጊዜ አልሞተም። ከቁልፉ ሥር ካርቦን የተቀባ የጎማ ንጣፍ አለ፤ ሲጫን ሰሌዳው ላይ ያለውን መስመር ያገናኛል። ቀዩ አፈር ሲገባበት፣ ክረምቱ ሲያረጥበው መገናኘት ያቆማል። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አይሶፕሮፒል አልኮልና የጆሮ ጥጥ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ አለመፈተግ። አንዱ ቁልፍ ብቻ ከሌሎቹ በላይ ከጮኸ ወይም አቅሙን ካላወቀ ደግሞ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ኃይል የሚለየው ኪቦርድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት መገናኛ አለው፤ የመጀመሪያው ተነክቶ ሁለተኛው እስኪነካ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ነው ኃይልህን የሚያውቀው። አንዱ ሲቆሽሽ ቆጠራው ይሳሳታል። ለዚህ ብሎ ኪቦርድ መጣል ለጉንፋን ብሎ ሰው መቅበር ነው።

አምስተኛው ፍሎፒው ነው። ዲስኩ በጊዜ ይደክማል፤ ማንበቢያውም ላስቲኩ ይላላል። ግን ብዙዎቹ ዲስኮች ተራ ኮምፒውተር የሚያነባቸው ዓይነት ናቸው። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ። ማንበቢያውን አውልቆ በምትኩ ፍላሽ የሚቀበል መሣሪያ መግጠምም ይቻላል። ዛሬ ካልተገለበጠ ነገ አይገለበጥም።

ስለዚህ እባካችሁ ተራውን ክርክር ትተን ሥራ እንሥራ። የምጠይቀው ይሄን ነው፦

1. ቤታችሁ፣ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ አሮጌ ኪቦርድ ካለ አትጣሉት። ድንጋዩን አውጡ፣ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መስጠት የለባችሁም፤ ጠግነን እንመልስላችኋለን።

2. ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ባህል ቡድኖች፦ ኪቦርድ ከማስወገዳችሁ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። ውስጡ ያለው ምትና ዲስክ ይገልበጥ። ከዚያ ዕቃውን ለአንድ ትምህርት ቤት ስጡት። ከወንበር ጋር አትቁጠሩት።

3. ጸሎት ቤቶች፦ አዲስ ስትገዙ አሮጌውን መጋዘን አትቅበሩት። ያ ዕቃ ስንት ልጅ ጣቱን ያፍታታበት ነው።

4. የሠርግ ተጫዋቾች፣ ወንድሞቼ፦ የሠራችሁትን ምት በስማችሁ አስቀምጡት። ማን ሠራው፣ የየትኛው ጭፈራ ነው፣ ከማን ሰማችሁት፣ ጻፉበት። ዲስክ ላይ በእስክሪብቶ ቢሆንም ይሁን። ስማችሁን ግን አትርሱ።

5. ተማሪዎቼ፣ በተለይ ኤሌክትሪክና አይሲቲ ያጠናችሁት፦ ካቻቢቴ አንሱ። እኔ ዘላለም አልኖርም። ዋዛ የሚነፉ አባቶች ዘንድም አብረን እንሂድ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ድርሻቸውን አክብረን፣ እያንዳንዱን ዋዛ ከነራሱ ልክ እንቅዳ። ያኔ ኪቦርዱ ዋዛን በላ ወይስ አሳደረ የሚለውን በሥራ እናየዋለን።

«ኪቦርድ ገደለው» እያላችሁ የድሮ ፎቶ ሼር የምታደርጉ ወዳጆቼንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀጥሎ ስትለጥፉ በእናንተ ሠርግ፣ በወንድማችሁ ምርቃት፣ በሰፈራችሁ በዓል ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ላቡን እየጠረገ ያስጨፈራችሁን ሰው ፎቶም ፈልጋችሁ ለጥፉ። ስሙን ጻፉ። የነበረውን ኪቦርድ ሞዴል የምታስታውሱ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ እኔ መዝገብ ይዣለሁ።

የማትስማሙ ካላችሁም ኑ፣ እንከራከር። ግን መጀመሪያ የአዳፕተራችሁን ጀርባ አንብቡ።